ቃለ ጉባኤ ቁጥር አርባ ሦስት

ቦታ፦ ጎንደር፣ ሳሙና በር፤ የእድራችን አዳራሽ።
ቀን፦ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ።
ጸሐፊ፦ እኔ። የማዘጋጃ ቤት ወረቀት
ሳገላብጥ ያረጀሁ፤ ጥርሴን የነቀልሁ መዝገብ ቤት።
የተገኙ፦ ዘጠና አራት።
የቀሩ፦ ሰባት፤ አንዱ ታሞ፣ ስድስቱ ፈርተው።
የፈሩትንም «በፈቃድ» አልሁ፤
መዝገባችን ለፍርሃት ዓምድ የለው።

አጀንዳ አንድ።
ያየህይራድ ተነሣ፤ ሊቀመንበራችን ነው፤
አምና መስከረም በስድሳ አንድ እጅ የመረጥነው።
ማንም አልሰረቀለት፣ ማንም አላጭበረበረ፤
ቆጣሪው እኔ ነበርሁ፤ ቆጠራው ልክ ነበረ።
መጀመሪያ የጠየቀን ትንሽ ነገር ነበር፤
ሸራው ይታጠብ፣ የቀብር ጥሩንባው ይቀየር።
ማን ይጠላል? እጅ አወጣን።
«መዋጮ ያዘገየ ቅጣቱ ይጠንክርበት» አለ።
እጅ አወጣን።
«በስብሰባ የሚያጉረመርም ይውጣ» አለ።
ከማጉረምረም ማን አተረፈ? እጅ አወጣን።

አጀንዳ ሁለት።
«መዝገቡ ይጥራ። ስንዴና እንክርዳድ
አንድ ጎተራ አያድርም።
አያቱ እዚህ ያልተቀበረ
የእኛን ሬሳ አይሸከምም።»
ዝም ተባለ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ።
ጭብጨባ እንደ ማዛጋት ነው፤ ከጎን ወደ ጎን ይጋባል፤
እንቅልፍ ያልመጣበትም ሰው አፉን ከፍቶ ይገኛል።

ትርንጎ ብቻ ተነሣች፤ ጉሊት ቃሪያ የምትቸረችር፤
«የተሰበሰብነው» አለች
«ሰው ልንቀብር ነው ወይስ አጥንት ልንቆጥር?»
«ጊዜሽ አልቋል» ብለው ማይኩን ቀሟት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም።
ሰዓቱ በእኔ እጅ ነበር፤ አየሁት። አልተናገርሁም።

ድጋፍ፦ ሃምሳ ስምንት።
ተቃውሞ፦ አሥራ አንድ።
የቀረው መሬት መሬት አየ።
ሃምሳ ስምንተኛው እጅ የእኔ ነው፤
ግራ ቀኙን አይቶ፣ ቆየት ብሎ የታየ።

አጀንዳ ሦስት።
«ምርጫ በየመስከረሙ» የሚለው አንቀጽ ለጊዜው ይቆይ።
የማን ጊዜ? ጠያቂ የለም።
በደንቡ መሠረት፣ በሙሉ ድምፅ፣
እጅ አውጥተን እጅ ሰጠን።

ወደ ቤቴ ስመለስ በግንቡ አጥር ሥር አለፍሁ።
የማንንም ድምፅ ሳይጠይቁ የነገሡት እንኳ፣ በዚያ ሁሉ ኃይላት፣
ቅጥሩን ሲያስገነቡ አሥራ ሁለት በር ተዉለት።
የእንቢልታው በር፣ የተዝካሩ በር፤ ለየመጪው መግቢያ፤
እኛ መራጮቹ ያለችንን አንዷን
በጭብጨባ ዘጋናት።

ሐምሌ ገባ። ባሻ ጫኔ ሞቱ፤ ረቡዕ ለሊት፣ ዝናቡ እያፏጨ።
ሸራው ሊቀመንበሩ ቤት ነው።
ምሰሶው ሙሐባው ግቢ፤ ራሱ የበየደው፣
አሥራ ስድስት ብረት።
ሙሐባውን ሰርዘነዋል። ቆልፎ አዘዞ ገብቷል፤ እህቱ ዘንድ።
ሄዶ ቁልፍ የሚጠይቅ ጠፋ። ምን ብሎ?

ስለዚህ ስምንት ወንዶች ሸራውን በእጃችን ወጠርን።
እጃችን እንደገና ላይ ነበር።
ያየህይራድም አንዱን ጥግ ይዟል፤ ልዋሽ አልችልም፤
ከእኔ ክንድ ይልቅ የእሱ ክንድ ቶሎ አልዛለም።
ውሃው መሃል ላይ አቆረ፤ ከበደ።
የቀደደው ጠላት የለም፣ ያቃጠለው የለም፤
ድንኳኑ ጣት በጣት ዝቅ እያለ
በባልቴቷ ራስ ላይ ወረደ።

ዛሬ መብራት የለም። በሻማ መዝገቡን ገለጥሁ።
የተፈረመ ገጽ አይነካም፤ ስንቱን ጀማሪ
ይህን ብዬ ገሥጬ ነበር።
ቀይ እስክሪብቶ አነሣሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ከእርጅና ነው በሉት።

ድጋፍ፦ ሃምሳ ሰባት።
ተቃውሞ፦ አሥራ ሁለት።
አንዱ ዘግይቶ።